አስቀጻይ ያጣ ጉባኤ

መሪጌታ ሞላ ጠያቂ ሰው ናቸው። ጢማቸው ነጥቶ፣ ጉልበታቸው ደክሞ እንኳ የመጠየቅ አመላቸው አልለቀቃቸውም። ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ሐኪሙ ስለ ዓይናቸው ከሚጠይቃቸው ይልቅ እሳቸው ስለ መሣሪያው የሚጠይቁት ይበዛል። ያን ዕለትም፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ደብረ ታቦር ዓይናቸውን ታይተው፣ የታዘዘላቸውን ጠብታ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ወደ ገሳይ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ መናኸሪያው ላይ እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የሚኒባሱን ረዳት ሳይቀር “ለመሆኑ ይህን በር እንዲህ እየወረወርከው ስንት ዓመት ይቆያል?” ብለውት፣ ልጁ ስቆ ሄዷል።

አንዲት ወጣት ትልቅ ሻንጣ እየጎተተች ገባችና አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር አየት አደረገች።

“እንዴ! የደምሴ ልጅ! ዓይናለም አይደለሽም?”

“እኔ ነኝ የኔታ! እንደምን ዋሉ?” ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስታጎነብስ ትከሻዋን ይዘው አቃኗትና ግንባሯን ሳሟት። ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። ዛሬ አገር አቋርጣ በሄደችበት ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ናት፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው።

መሪጌታ እንደምትመጣ ያውቁ ነበር። አባቷ አቶ ደምሴ ትናንት ቤታቸው መጥቶ፣ “የኔታ፣ የልጅቷ አስተማሪዎች ሥራ ጥለው ሄደዋል አሉ። ከዚህ ወዲያ ምን አለፋት? ገሳይ ከመንገዱ ዳር ቤት አግኝቻለሁ፤ ሱቅ ልክፈትላት። የኔን ቃል ትገፋ ይሆናል፤ አንቱ ቅሪ ካሏት ግን ትቀራለች” ብሏቸዋል። እሳቸውም ብዙ ሳያስቡ “አስተማሪ ከሌለ ምን ታደርጋለች፤ ትቅር” ብለው ሸኝተውታል። ዛሬ ስትመጣ፣ ቤት ከመግባቷ በፊት የደምሴ ደጅ ላይ ቆመው እሱኑ ሊሏት ተስማምተዋል። ዓይናለም ግን ይህን ሁሉ አታውቅም። አባቷን ጠይቃ፣ ትንሽ አርፋ የምትመለስ መስሏታል። አራት ዓመት የደከመችበት ነገር አጠገቧ በተቀመጡት ሽማግሌ አንደበት ላይ መንጠልጠሉን ማን ይንገራት?

“ምነው በዚህ ወቅት?” አሉ መሪጌታ፣ የማያውቁ መስለው።

“ረዳት መምህራኑ ሥራ አቁመው ነው የኔታ።”

“ረዳቶቹ? ዋናዎቹስ?”

“ዋናዎቹ አሉ።”

“አሉ! ታዲያ ምን ሆንን ነው የምትሉት? እኔ እኮ መምህራኑ ሁሉ የጠፉ መስሎኝ ነበር። ረዳት ቢጠፋ ያው ረዳት ነው። እቃ አቀባይ፣ ጠመኔ አቀባይ ለጠፋ ሰው ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል?”

ይህን የሚሉ መሪጌታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክራባት አስረው ቢሮ ተቀምጠው እንዲሁ የሚሉ አሉ። ረዳት የሚለውን ስም ሲሰሙ ሥራውም ትንሽ ይመስላቸዋል። መሪጌታ ከእነዚህ የሚሻሉት በአንድ ነገር ነው፤ ሳያውቁ ከተናገሩ በኋላ ይጠይቃሉ።

“ለመሆኑ ምን ምን ነው የሚሠሩት?”

ዓይናለም ሻንጣዋን በእግሮቿ መካከል አመቻችታ ወደሳቸው ዞረች። ሚኒባሱም ሞልቶ ከመናኸሪያው መውጣት ጀምሯል።

“ዋናው መምህር በሳምንት አንድ ቀን አዳራሽ ይገባሉ የኔታ። ከሦስት ክፍል የተሰበሰብን ተማሪዎች ነን፤ ከኋላ የተቀመጠ ድምፃቸውን አይሰማም። ተናግረው ይወጣሉ። ያልገባንን የሚያስረዳን፣ ቤተ ሙከራ ይዞን ገብቶ በእጃችን የሚያሠራን፣ ፈተናችንን አርሞ እዚህ ጋ ተሳስተሻል የሚለን ረዳት መምህሩ ነው። እንግዲህ እሱ ሲቀር ዋናው መምህር የተናገሩት ነገር እዚያው አዳራሽ ውስጥ ይቀራል።”

መሪጌታ ጢማቸውን ያዙ። “ቆይ፣ ቆይ። ትልቁ ይናገራል፤ የተናገረውን ደግሞ ሌላው እየመላለሰ እስኪገባ ድረስ ይዞ ይቆያል ነው የምትይኝ?”

“አዎ።”

“ይኼማ አስቀጻይ ነው! ረዳት የሚሉት ምን ነክቷቸው ነው?”

ዓይናለም ሳቀች። የዜማ ትምህርት ቤቱን ልማድ ልጅ ሆና አይታዋለች። የኔታ ለትልልቆቹ ዜማውን ይነግራሉ፤ ከትልልቆቹ አንዱ ደግሞ ትንንሾቹን ሰብስቦ እየደጋገመ ያስጠናል። ይህ ነው አስቀጻይ የሚባለው። በመሪጌታ ጉባኤ ይህን ሥራ የሚሠራው ፋሲል የሚባል ዲያቆን ነው።

“እንግዲያው የባሰ ጥፋት አጥፍተዋል” አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ ፊት የተቀመጡት ሰዎች ዞር አሉ። “እኔ የየኔታዬ አስቀጻይ ሆኜ ዓመታት አገልግያለሁ። ውኃ ቀድቻለሁ፤ እንጨት ለቅሜያለሁ። አንድ ቀን አሞኝ እንኳ ጉባኤ አላጎደልኩም። ማስተማርን ጥሎ መቀመጥ ምን የሚሉት ነው? የልጅ ዕድሜ እኮ ነው የሚበላው!”

“እውነት ነው የኔታ፤ እኔም ተናድጃለሁ።”

“ትናደጂ እንጂ!”

“ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ? የኔታዎ ለዚያ ሁሉ አገልግሎት ምን ይሰጡዎት ነበር?”

“ምን ይሰጡኛል? ቀለም ነዋ! ትንንሾቹን ሳስቀጽል ውዬ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የኔታ ለብቻዬ ይጠሩኝ ነበር። ‘ና፣ ያንተ ተራ ነው’ ይሉኛል። ድጓውን የተማርኩት በዚያች ሰዓት ነው። ያቺን ሰዓት ንጉሥ ቢጠራቸው እንኳ ለሌላ አይሰጡብኝም ነበር።” መሪጌታ ይህን ሲሉ ፊታቸው በራ።

“ያቺን ሰዓት ቢከለክሉዎትስ ኖሮ?”

“ምን ሲደረግ ይከለክሉኛል?”

“ቢከለክሉዎትስ?”

“እሄድ ነበራ! ትምህርት ፍለጋ አይደል አገሬን የለቀቅሁት? ሌላ የኔታ ፍለጋ እሄድ ነበር።”

“የረዳት መምህራኑም ነገር ይኸው ነው የኔታ” አለች ዓይናለም ረጋ ብላ። “ሲቀጠሩ፣ ጥቂት ዓመት አስተምሩና ለከፍተኛ ትምህርት እንልካችኋለን ተብለው ነበር። እኛን የሚያሠራን መምህር ሙሉቀን አራተኛ ዓመቱ ነው። በየዓመቱ ለከርሞ ይሉታል። ክፍሉ ግን ይጨመርበታል፤ ዘንድሮ ከጧት እስከ ማታ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር የሚውለው። ማመልከቻ አስገቡ፤ መልስ የለም። ተሰብስበው ጠየቁ፤ ‘ከፈተና በኋላ እንነጋገራለን’ ተባሉ። ፈተናው አለፈ፤ የሚያነጋግራቸው አልተገኘም። ከዚያ ነው ሥራ ያቆሙት።”

ለከርሞ፣ ከፈተና በኋላ የሚለው ቃል የመሪጌታ ጆሮ ውስጥ ቀረ። ወደ መስኮቱ ዞሩ። የጉና ቁልቁለት ላይ የታጨደው የገብስ ማሳ ብቻውን ይታያል። እኔ ተራኪው ግን ልንገራችሁ፣ መሪጌታ በዚያ ሰዓት የሚያዩት ማሳውን አልነበረም።

ሚኒባሱ አንድ መንደር አጠገብ ቆመና ረዳቱ ወርዶ የእህል ከረጢት ጣራ ላይ ጫነ፤ አንዲት አራስ ደግፎ አስገባ፤ በሩን ዘግቶ “ሳበው!” ሲል ነው ሹፌሩ የተንቀሳቀሰው። መሪጌታ ይህንንም ረዳት አተኩረው አዩት።

ገሳይ ሲደርሱ ወረዱ። ከዚያ ወደ ቀበሌያቸው የእግር መንገድ ነው። መሪጌታ በበትራቸው፣ ዓይናለም ሻንጣዋን ተሸክማ፣ ጎን ለጎን አዘገሙ። መሪጌታ የመጠየቅ አመላቸው ተመልሶባቸዋል።

“እሺ፣ የረዳቶቹን ነገር ያዝኩት። የናንተን ደግሞ ንገሪኝ። አንቺን ምን ጎዳሽ?”

“እኔንማ…” ብላ ዓይናለም ቆመች። “በመስከረም ከአባቴ ማሳ የታመመ የድንች ቅጠል ይዤ ሄጄ ነበር። በየክረምቱ ማሳውን የሚያቃጥለውን በሽታ አሉ አይደል? እሱን በመስታወት ሳሕን ላይ አሳድጌ፣ የትኛው የድንች ዝርያ እንደሚቋቋመው ልለይ ነበር። የመመረቂያ ሥራዬ እሱ ነው። ሳሕኑ በየጊዜው ካልተቀየረ በሽታው ይሞታል። ቤተ ሙከራው ተቆለፈ፤ ሞተ። ዋናውን መምህራችንን ሄጄ ለመንኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ‘ልጄ፣ መሣሪያውን ከነካሁት ዘመን የለውም፤ ልሞክርልሽ ብዬ እንዳልሰብረው’ አሉኝ።” ሳቅ ቢጤ መጣባትና ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። “የአንድ ወቅት ድካሜ ነው የኔታ። የመጀመሪያው ፈተናዬም አልታረመም፤ ልለፍ ልውደቅ አላውቅም።”

“ሌሎቹ ተማሪዎችስ?”

“ግማሹ ረዳቶቹን ይሰድባል፤ ግማሹ ይደግፋቸዋል፤ እርስ በርሱ ተኳርፏል። ሩቅ አገር ያለው መሄጃ አጥቶ መኝታ ቤት ተኝቶ ይውላል። ክፉ ነገር የለመደም አለ። ጓደኛዬን ሀያትን ያውቋታል? ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት የአቶ ዩኑስ ልጅ። ዛሬ አብረን መጥተን አባቷ ሱቅ በር ላይ ተለያየን። ከክፍላችን አንደኛ ናት። ‘ዓይናለም፣ ሱቁ ውስጥ አንዴ ከተቀመጥኩ የምነሳ አይመስለኝም’ አለችኝ።”

ሱቅ የሚለው ቃል መሪጌታን ወጋ አደረጋቸው።

“እኔ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ” አሉ። “አስቀጻዩ ቢሄድ፣ ቤቱ ቢቆለፍ፣ እናንተ ለምን ተበተናችሁ? ከመካከላችሁ የተሻለ የሚያውቅ የለም? ይቺ ሀያት አንደኛ ናት አላልሽም?”

“ያለ መምህር ምን እንሆናለን ብለን ነዋ።”

“እኔ ተማሪ ሳለሁ፣ ገና ትንሽ ሆኜ፣ የኔታ ታመው ጠበል ሄዱ። አስቀጻያችንም አብሯቸው ሄደ። አንድ ክረምት ሙሉ ጉባኤው ባዶ ሆነ። እኛ የቀረነው ግን አንተ ይህን ታውቃለህ፣ አንተ ያንን ታውቃለህ ተባብለን፣ ተቃቅፈን ተቀምጠን፣ እርስ በርስ እየተራረምን ትምህርቱን ያዝነው። አዲስ አልተማርንም፤ የተማርነውን ግን አላፈሰስነውም። የኔታ ሲመለሱ ከቆምንበት ቀጠልን።”

ዓይናለም በጥሞና ስትሰማቸው ቆይታ ድንገት ጠየቀች። ጠያቂነቱ ከማን እንደተጋባባት መቼም ታውቃላችሁ።

“ሁላችሁም ቀራችሁ?”

“አይ፣ ገሚሱ ወደየአገሩ ሄደ። ‘የኔታ ሲመለሱ እንመለሳለን’ ብሎ።”

“ተመለሱ?”

መሪጌታ በትራቸውን መሬት ተክለው ቆሙ። መልሱን ያውቁታል፤ እስከዛሬ ግን የጠየቃቸው አልነበረም። አንዱ ሚስት አገባ፤ አንዱ በሬ ጠመደ፤ ከሁሉ ድምፁ የሚያምረው ልጅ ይፋግ ገበያ ነጋዴ ሆኖ አንድ ቀን አግኝተውት ነበር። ዜማውን ጠይቀውት አንድ መስመር አላስታወሰም።

“አልተመለሱም” አሉ። “አንድም ሰው አልተመለሰም።”

“እኔም የምፈራው እሱን ነው የኔታ” አለች ዓይናለም። “ረዳቶቹ ዛሬ ባይሆን ነገ ይመለሳሉ። ዩኒቨርሲቲውም አንድ ቀን ይሰማቸዋል። የወጣው ተማሪ ግን ላይመለስ ነው። አድማው ካለቀ በኋላ የሚቆጥረው የለም እንጂ ትልቁ ጉዳት እሱ ነው።”

አቶ ደምሴ ግቢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ልጁን አቅፎ ሳመ፤ ወዲያው ዓይኑ ወደ መሪጌታ ሄደ።

“እንግዲህ የኔታ፣ ልጅቷም መጣች፣ አንቱም መጡ። ያልነውን ይንገሯትና እንግባ።”

“ምኑን?” አለች ዓይናለም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች።

“የሱቁን ነው” አለ አቶ ደምሴ። “ልጄ፣ ክፉ አላሰብኩልሽም። አስተማሪ በሌለበት ዕድሜሽ ከሚያልቅ፣ ገሳይ ቤት አግኝቼልሻለሁ። የኔታም ትቅር ብለዋል።”

የዓይናለም ሻንጣ ከእጇ ወደቀ። ዞራ መሪጌታን ትክ ብላ አየቻቸው። በመንገድ ሙሉ ያን ሁሉ ሲጠይቋት ይህን ይዘው እንደነበር አሁን ገባት። መሪጌታም ከዚያ ዓይን ፊታቸውን አላዞሩም።

“ብዬ ነበር” አሉ። “ትናንት ነበር ያልኩት፤ ሳልጠይቅ። ዛሬ ጠይቄ ተረድቻለሁና አልልም። ደምሴ፣ ይቺ ልጅ ትመለሳለች።”

“ኧረ የኔታ! አስተማሪዎቹ የሉ! ሄዳ ምን ልትሆን?”

“አስተማሪዎቹ እኮ የሄዱት ማስተማር ጠልተው አይደለም፤ ቃል የተገባላቸው ነገር ሳይሆን ቀርቶ ነው። እነሱም የሚማሩበትን ነው የጠየቁ። የሚማር አስቀጻይ ነው ደህና የሚያስቀጽል፤ እሱ ከደረቀ ተማሪውም ይደርቃል። ይህን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ቀድመው ቢሰሙ ኖሮ ልጅህ ዛሬ እዚህ ባልቆመች። ረዳቶቹም ቢሆኑ ልጆቹን ሜዳ ላይ ጥለው መሄዳቸው ይቆጨኛል። ግን የሁለቱን ጥፋት ለምን ዓይናለም ትከፍላለች? ሱቁ ዛሬም ነገም ይከፈታል። ከጉባኤ የወጣ ሰው ግን አይመለስም፤ በዓይኔ አይቻለሁ።”

“እሺ ትመለስ። ቁጭ ብላ ግድግዳ ልታይ ነው?”

“አይደለም” አለች ዓይናለም። “አባዬ፣ እኔና ሀያት ተማሪዎቹን እንሰበስባለን። የምናውቀውን ለማያውቀው እናስጠናለን። ከየክፍሉ ሰው መርጠን ረዳቶቹም ዘንድ፣ አስተዳደሩም ዘንድ እንሄዳለን፤ ‘በናንተ ጠብ መካከል እኛ አለን’ እንላቸዋለን። እስካሁን እነሱን ስናማ ነው የከረምነው፤ ማንም ሄዶ ያነጋገራቸው ተማሪ የለም።”

“ድንቹስ?” አሉ መሪጌታ።

“ድንቹንማ መምህር ሙሉቀን አሳይቶን ነበር፤ በሽታውን በተቆረጠ ድንች ላይ ማኖር ይቻላል። መሣሪያ አይፈልግም። የታመመ ቅጠል ባገኝ ቤተ ሙከራው እስኪከፈት መኝታ ቤቴ ውስጥ አቆየው ነበር። አሁን ግን ክረምት አይደለም፣ ከየት አገኛለሁ?”

አቶ ደምሴ ራሱን አከከ። የድንቹን ነገር ልጁ ለምን እንደምታጠናው እስከዚያ ሰዓት በቅጡ ጠይቋት አያውቅም ነበር።

“የምን ድንች ነው? የኛን ድንች ነው እንዴ የምትማሪው?”

“የኛን ነው አባዬ። ያንተን ማሳ።”

“እና ይኼን የሚያቃጥለንን ነገር ታድኝዋለሽ?”

“የሚችለውን ዘር ላገኝልህ ነው የምደክመው።”

አራት ክረምት ድንቹ በሁለት ሌሊት ጠቁሮ ሲያድር የተቀመጠባት ድንጋይ ከበሩ አጠገብ ነበረች፤ አቶ ደምሴ እሷ ላይ ቁጭ አለ። “ከምንጩ ሥር የመስኖ ድንቼ ላይም በሽታው ጀምሯል” አለ። “ነገ በማለዳ እቆርጥልሻለሁ። በእርጥብ ጨርቅ ብንጠቀልለው ይደርሳል?”

“ይደርሳል!” አለች ዓይናለም፣ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ። ወዲያው ስልኳን አውጥታ ሀያት ጋ ደወለች። “ሱቁ ውስጥ ተቀመጥሽ? ተነሽ! ሐሙስ አብረን እንመለሳለን” ስትል መሪጌታ ሰምተው ሳቁ።

ገብተው አረፍ እንዲሉ ተለመኑ፤ አይሆንም አሉ። መሪጌታ የሚቸኩሉበት ጉዳይ ነበራቸው። ከሚኒባሱ ጀምሮ ሲከነክናቸው ወደነበረው ነገር፣ ወደ ጉባኤያቸው፣ እግራቸው በማይችለው ፍጥነት ሄዱ። ምክር ለሌላው መስጠት ቀላል ነው፤ መሪጌታን የማደንቃቸው የመከሩትን ይዘው ወደ ቤታቸው ስለገቡ ነው።

ከወይራው ሥር ፋሲል ትንንሾቹን ክብ አስቀምጦ ያስቀጽላል። ድምፁ ሰልሏል፤ ከጧት ጀምሮ ነው። መሪጌታ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሰሙት። ድጓ አስጀምርሃለሁ ያሉት ለፍልሰታ ነበር። ከዚያ ከመስቀል በኋላ አሉት። ከዚያ ከጥምቀት በኋላ። ከዚያ ዓይኔ ይሻለኝና ከፋሲካ በኋላ። እሱ አንድ ቀን አልተከራከራቸውም፤ ጉባኤም አላጎደለም። በየቀኑ ልጅ ይጨምሩበታል፤ እሱም እሺ ይላል።

“ፋሲል!”

ዲያቆኑ ደንግጦ ተነሣ።

“ልጆቹን ሌላ ማን ሊይዝልህ ይችላል?”

“ሙላቴ ይችላል የኔታ።”

“ሙላቴ ይያዝ። አንተ ድጓህን ይዘህ ና። ከዛሬ ጀምሮ ይህች ሰዓት ያንተ ናት፤ ማንም አይነካትም።”

ፋሲል አልተንቀሳቀሰም። “ከፋሲካ በኋላ ብለውኝ ነበር” አለ በቀስታ።

“አሁን ነው ልጄ።”

ፋሲል ወደ ጎጆው ገባ። ቆየ። መሪጌታ በሩ ድረስ ሄደው ወደ ውስጥ አዩ። በእጁ ገልብጦ የጻፈው ድጓ ከለምዱና ከስንቁ ጋር ባንድ ላይ ለመንገድ ታስሮ ነበር። ፋሲል ጀርባውን ሰጥቷቸው ቋጠሮውን ይፈታል።

መሪጌታ ሞላ፣ ያ ሁሉ ጠያቂ ሰው፣ ወዴት ልትሄድ ነበር ብለው አልጠየቁትም። በሩ ላይ ተቀምጠው፣ ቋጠሮው እስኪፈታ ጠበቁና “በል፣ ከመጀመሪያው ገጽ” አሉት።